ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ አሬስ በር

ቅዳሜ ረፋድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዛሬ የተነሳሁት አሌክሳንድሪያ የሚኖረውን ወንድሜን ይልማን ለማየት ነው። መንገዱ በባቡር ቢበዛ አንድ ሰዓት ነው፤ እኔ ግን ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ትናንት የቀድሞ ሚስቱ ምሕረት ቴክስት አደረገችልኝ፦ «ይልማ ነገ ከሰዓት ጠቅልሎ ወደ አትላንታ ሙቭ ሊያደርግ ነው። በኋላ እንዳይቆጭሽ ብዬ ነው።» ዛሬ ካመለጠኝ መቼ እንደማገኘው እንጃ።

አበሻ ሱቅ ጎራ ብዬ በአሥራ ስምንት ዶላር አንድ ድፎ ዳቦ ገዛሁ። ገና ትኩስ ነው፤ ጭኔ ላይ አስቀምጬው ቀዩ መስመር ባቡር ላይ ተሳፈርኩ።

ዳቦው አባቴን አስታወሰኝ። ደሴ ከተማ የታሪክ አስተማሪ ነበር፤ እሁድ እሁድ በረንዳ ላይ አስቀምጦ የጥንት ግሪኮችን አማልክት ያወራልናል። ሰማዩ ሲያጉረመርም «ዜውስ ተቆጣ!» ሲል እናቴ ከጓዳ «ኧረ በስመአብ በል! ጣዖት በቤቴ አይጠራም!» ትለዋለች። ይልማ ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጋር ስለሚደባደብ አባቴ በጦርነቱ አምላክ ስም አሬስ ብሎ ሰየመው። እኔን ደግሞ ቴሚስ አለኝ፤ የፍትሕ እመቤት። ዳቦ የምቆርሰው እኔ ነበርኩ፣ ቅንጣት ሳላበላልጥ። የቤታችን ሕግ አንድ ነው፦ የቆረሰ መጨረሻ ያነሳል።

ይልማ አንዱን ተረት አይወደውም ነበር። አሬስ በጦርነት መሃል ሲቆስል እየጮኸ ሄዶ አባቱ ዜውስ ፊት ያለቀሰበትን። «ውሸት ነው! ጦረኛ አያለቅስም!» ብሎ ከአባቴ ጋር ይሟገታል።

ከሦስት ዓመት በፊት እሱና ምሕረት ሲጋጩ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ እኔንም ጠሩኝ። ሲቆጣ ዕቃ ሲወረውር በዓይኔ አይቻለሁና «ጥፋቱ የወንድሜ ነው» አልኩ። ይልማ ብድግ ብሎ «ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም» አለና ወጣ። ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ ነው የምለው። ግን ናፈቀኝ! ስልክ ሲያነሳ «አቤት፣ ክብርት ዳኛ» እያለ ማሾፉ እንኳ ናፈቀኝ።

ቢጫው መስመር፣ ድልድዩ ላይ

መሃል ከተማ ባቡር ቀየርኩ። ኮፍያ ያደረጉ አዛውንት አጠገቤ ተቀምጠው ዳቦውን ያያሉ።

«ለማን ነው፣ የኔ ልጅ?»

«ለወንድሜ ነው፣ አባባ። ተኳርፈን ነው።»

«ሽማግሌስ አልያዝሽም?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«የእናት ሆድ ዥጉርጉር ነው» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ጥፋተኛው ማነው?»

«እሱ ነው።»

«ታዲያ አንቺ ምን ልትይው ትሄጃለሽ?»

ባቡሩ ከመሬት ሥር ወጥቶ ፖቶማክን መሻገር ጀመረ። ከወንዙ ማዶ ሰማዩ ጠቁሯል። «ናፍቆኝ ነው» አልኳቸው፣ ዓይኔ ውሃ ሞልቶ።

«በይ እሱን ንገሪው» አሉኝ።

ከሰዓት፣ አሌክሳንድሪያ

ኪንግ ስትሪት ጣቢያ ወርጄ በአውቶቡስ አፓርትመንቱ ጋ ደረስኩ። የተከራየው ትራክ ግማሹ ተጭኗል። ይልማ ካርቶን ተሸክሞ በሩ ላይ ብቅ አለ። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ደነገጥኩ።

«ክብርት ዳኛ! ለፍርድ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም። ናፍቀኸኝ ነው።»

ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ። «ፍርድሽ ልክ ነበር» አለ። «ምሕረትንም ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። እኔን የጎዳኝ እሱ አይደለም። በማግስቱ ትመጣለች ብዬ ጠበቅኩሽ። በሳልስቱም።»

እኔ ሞኟ ደግሞ እሱ እስኪደውል ነበር የምጠብቀው።

ቢላው ታሽጎ ስለነበር ዳቦውን ካርቶኑ ላይ በእጄ ቆረስኩት። አንዱን ትልቅ፣ አንዱን ትንሽ አደረግኩና ትልቁን ወደሱ ገፋሁት።

«አበላለጥሽ!» አለኝ፣ ዓይኑን ማመን አቅቶት።

«አዎ። አዳላሁልህ።»

ያን ጊዜ አሬስ አለቀሰ። እኔም እሪ አልኩ፤ ጎረቤቱ በመስኮት ብቅ ብሎ እስኪያየን ድረስ።

ዝናቡ ሲጀምር የቀረውን ዕቃ በሩጫ ጫንን። ድርሻዬን በወረቀት ጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተልኝና ሄደ። ትራኩ ከዓይኔ እስኪጠፋ ዝናቡ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አትላንታ የአንድ ሰዓት ባቡር አይደለም።

አመሻሽ፣ ቤቴ

ዝናብ እንዳበሰበሳት ዶሮ ሆኜ ገባሁ። በፍርዴ አልጸጸትም። የሚጸጽተኝ በማግስቱ አለመሄዴ ነው፤ ከመንገዱ የተማርኩት ይህንን ነው። ርቦኝ ቦርሳዬን ስከፍት በወረቀቱ ውስጥ ያለው ትልቁ ቁራሽ ነው። ደወልኩለት፤ ቤንዚን ሊቀዳ ቆሞ ነበር።

«አንተ ሌባ! ትልቁ እኔ ቦርሳ ውስጥ ምን ይሠራል?»

«የቆረሰ መጨረሻ ያነሳል» አለኝ። «ቀድሜ ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ትንሹን አነሳሁ። የቀረው ያንቺ ነው።»

ልብሴን እንኳ ሳልቀይር፣ እዚያው እንደቆምኩ በላሁት።