«ሥዕል ሥራ ነው?»

ወረታ ላይ በነገረ ፈጅነት ስሠራ የምይዘው ሁሉ የመሬትና የከብት ክርክር ነበር። ለውጭ አገር ሰው የቆምኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ዛሬ ትዝ ሲለኝ ደሜን ያፈላዋል።

ሰውየው ሽማግሌ አርመናዊ ሠዓሊ ነበሩ። ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ ስለምንል እሳቸውንም ሙሴ እንላቸዋለን። ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ የፎገራን ላምና ውሃ የተኛበትን ሜዳ ሲሥሉ ሦስት ዓመት ኖረዋል። አንድ ጧት ሐጂ ይዘዋቸው መጡ።

«በአሥራ አምስት ቀን ካገር ውጣ አሏቸው። ምን አጠፉ?»

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። «ሥራ የሌለው ስለሆነ የመኖሪያ ፈቃዱ አይታደስም» ይላል።

እኔና ሙሴ ወረቀቱን ወደ ፈረመው የወረታ ሹም ቢሮ ሄድን። ቀና ብሎ እንኳ አላየንም።

«ጌታዬ፣ እኚህ ሰው ሠዓሊ ናቸው። ሥራ አላቸው» አልኩት።

«ሥዕል ሥራ ነው? ልጅም በከሰል ግድግዳ ይሞነጭራል!»

ይህን ሲል የራሱ ምስል ከበላዩ ተሰቅሏል፤ ካባ ለብሶ፣ ጎራዴ ታጥቆ። የማን እጅ እንደሆነ ወረታ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

«ታዲያ ይሄ ከበላይዎ ያለው ምንድን ነው?»

«ስጦታ ነው።»

ስጦታ! ሙሴ ደጅ ስንወጣ ነገሩኝ። «መጀመሪያ ሣለኝ፣ ፈቃድህን አድስልሃለሁ» ብሎ ሁለት ሳምንት አሠርቷቸዋል። ጎራዴ እንኳ የለውም፤ ጨምርልኝ ብሎ ነው።

አቤቱታ ጽፌ ወደ ጎንደር ተነሣን። የደብሩ አለቃ እመሰክራለሁ ብለው አብረውን ተሳፈሩ። ክረምት ነበርና ይፋግ ላይ አውቶቡሱ ጭቃ ያዘው። እኒያ ሽማግሌ አለቃ ጋቢያቸውን አጣፍተው ከእኛ ጋር ገፉ።

ጎንደር ላይ የበላዩ ሹም «ሠራተኛ መሆኑን ማን ያውቃል?» ሲል አለቃ ተነሡ።

«እኔ አውቃለሁ። ዝናብ ያበላሸውን የቤተ መቅደሳችንን ሥዕል ያደሱት እኚህ ናቸው። እሳቸው ሥራ ፈት ከተባሉ፣ እኔም ስቀድስ የኖርኩት ሥራ ፈት ነኝ!»

ፈቃዱ በዚያው ሳምንት ተሰጠ። ተቀብዬ ሳየው ሥራ በሚለው መስመር ላይ «ቀለም ቀቢ» ተብሎ ተጽፏል። ተመልሼ ገባሁ።

«ሠዓሊ ተብሎ ይስተካከል» አልኩት ጸሐፊውን።

«እንደዚያ የሚባል ሥራ መዝገባችን ላይ የለም።»

ልጮህበት ስል ሙሴ እጄን ያዙኝ።

«ተው ልጄ። ኑር ብለውኛል፣ ይበቃኛል።»

ለእሳቸው በቃቸው፤ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ አልበቃኝም። ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት እዚያችው ክፍል ውስጥ ሲሥሉ ኖረው ሞቱ፤ አለቃ እራሳቸው ጸሎተ ፍትሐት አድርሰው ቀበሯቸው። ከወረታው ሹም ጋር ከዚያ ወዲህ ገበያ መሀል ስንገናኝ ባርኔጣዬን አንሥቼለት አላውቅም።