የማይታገሰው ከበሮ

ትናንት ከገበያ ወደ መናኸሪያ በባጃጅ ስሄድ ቄስ ይኸነው መንገድ ላይ አስቁመው አጠገቤ ገቡ። ሾፌሩ በጊታር ብቻ የታጀበ ቀዝቀዝ ያለ ዘፈን ከፍቷል። ገና ሁለት ስንኝ ሳይሄድ የቄስ ይኸነው ጣቶች የፊተኛውን ወንበር መምታት ጀመሩ፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ ፈጠን፣ ከዚያማ ጉድ ነው። አበስኩ ገነንኩ! ሰው በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዴት ትንሽ እንኳ አይሻሻልም?

ይኸነው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነው። አሁን ቄስ ስለሆነ አንቱ እለዋለሁ፤ ሲያናድደኝ ግን አንተ ያመልጠኛል።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለን እኔ፣ እሱና ሙሉ የምትባል ድምፀ መልካም ልጅ ባንድ አቋቋምን። ያሳበደኝ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣው አልተርናቲቭ ሮክ የሚሉት የፈረንጅ ዘፈን ካሴት ነበር። ኤሌክትሪክ ጊታር ከየት ይመጣል? ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አቧራ የጠጣ የእንጨት ጊታር ተዋስኩ፤ ይኸነው የባህል ክበቡን ከበሮ ያዘ። ከግቢው ጀርባ ባሕር ዛፉ ሥር፣ የጉና ተራራ ብርድ ጣታችንን እያደነዘዘው፣ የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን እንለማመድ ነበር።

ችግሩ ይኸነው ያኔ ዲያቆን ነበር። ከበሮ የሚያውቀው ከማኅሌት ነው፤ እዚያ ደግሞ ዜማው በዝግታ ይጀምርና እየፈጠነ ሄዶ በጭብጨባና በእልልታ ያልቃል። እኔ የምፈልገው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይለወጥ፣ ያዘነ ምት ነው።

"ይኸነው፣ አትሩጥ!"

"እኔ መች ሮጥኩ? እጄ ነው።"

"እጅህ የማን ነው ታዲያ?"

እናቴ ጊታሩን ዓይኗ ሊያየው አልወደደም። "ተምሮ ሰው ይሆንልኛል ስል አዝማሪ ልትሆንብኝ?" እያለች ስትቆጣ ሰነበተች። በኋላ፣ "በወላጆች ቀን መጥቼ አንዴ አይሃለሁ፤ ካላማረኝ ትመልሰዋለህ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣሁ። እሷ "ጎሽ" እንድትለኝ ብቻ ነበር የምለፋው።

ቀኑ ደረሰ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከፊት ተቀመጠች። ሙሉ እኔ የጻፍኩትን ዘፈን ስትጀምር አዳራሹ ጸጥ አለ። እሰይ፣ አልኩ በልቤ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ከበሮው ፈጠን አለ። በዓይኔ ገላመጥኩት፤ ማን ያየኛል! ሦስተኛው ላይ ወላጅ ሁሉ ተነሥቶ ያጨበጭባል፣ ከሁሉ የባሰው ደግሞ እናቴ ራሷ ቆማ እልል ትላለች።

ደሜ ፈላ። ስንት የለፋሁበት ሮክ ሽብሸባ ሆኖ ቀረ! ጊታሩን ወንበር ላይ ወርውሬ ከመድረኩ ወረድኩ። ሙሉ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ፣ "ምን ሆነህ ነው ጥለህ የወጣኸው?" አለችኝ።

"ዘፈኔን አበላሹብኝ!"

"እነማን? እኛ?" ቆም አለች። "እኔ እኮ እልል ያልኩት ደስ ብሎኝ ነው።"

ጊታሩን በማግስቱ ራሴ መለስኩት። መልሰው አላለችኝም፤ ድጋሚ ልስማህም አላለችኝም። ዛሬ በሕይወት የለችም፤ አንጀቴን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

"ኧረ ቀስ በል፣ አንተ ሰውዬ!" አልኩት ባጃጁ ውስጥ።

ይኸነው ወንበሩን መምታቱን ሳያቆም፣ "አንተም እስቲ ዛሬ እንኳ እስኪያልቅ ቆይ" አለኝ።

ሾፌሩ ዞር ብሎ፣ "መናኸሪያ ወራጅ አለ?" ሲል ጠየቀ።

"የለም፣ ንዳው" አልኩት።