የመርዶ ዋዜማ

የባለቤቴ አባት ማረፋቸውን ከእሷ በፊት የሰማሁት እኔ ነኝ። ስታዲየም አጠገብ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት እሠራ ነበር፤ ዘመኑ ሞባይል በሰው እጅ ያልገባበት ነው። ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ታላቅ ወንድሟ በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። እሳቸው ወትሮ ሥራ ቦታዬ ድረስ የሚመጡ ሰው አልነበሩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው እንደያዙ ሳይ፣ ገና ሳይናገሩ ክው አልኩ።

«አባባ አረፉ» አሉኝ። «ሌሊቱን ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀብረዋቸዋል። ከወልድያ የተደወለልኝ ከቀብሩ በኋላ ነው።»

ቀጥለው የነገሩኝ የሥራ ትዕዛዝ ይመስል ነበር። መርዶ በማታ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይመረጣል፣ ሌሊት አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቤታችን መጥተው ይነግሯታል። እስከዚያ ድረስ የእኔ ድርሻ አፌን መዝጋት ነበር።

«ቤት ይዘሃት እንዳትቀመጥ» አሉኝ። «እድሩ ሰምቷል፤ የግቢው ሰው ሁሉ አውቋል። ፊታቸውን ካየች አለቀ። ይዘሃት ውጣ። እህል ትቅመስ፣ ነገ እንደሁ አትበላም። ትንሽም ትተኛ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ መዋሸት አልችልበትም።»

«ማን ዋሽ አለህ? ዝም በል ነው ያልኩህ።»

ዝም ማለትም አልችልበትም። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ቦታ ቁጭ የማልል ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር ከደበቅሁ ደግሞ ቀኝ እግሬ ራሱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ባለቤቴ ይህን ታውቃለች። ስንተጫጭ እንኳ «እግርህን ልየው» ትለኝ ነበር። ይህንን ለወንድሟ ላስረዳ ስል ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ።

ነገሩን ያባሰው ቀኑ ነው። ያን ማታ ካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ልንሄድ ከተቀጣጠርን ሁለት ሳምንት ሆኖናል። ባለቤቴ ለሦስት ዓመት ከሥራ በኋላ ስትመላለስ የኖረችበትን የማታ ትምህርት ጨርሳ ዲፕሎማዋን ይዛለች። አባቷ ወልድያ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሚውሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ደስታቸውን ቀሚስ አድርገው ሰፍተው በአውቶቡስ ላኩላት። አረንጓዴ ነው፣ ወገቡ ላይ ጥልፍ አለው። ጎንና ጎኑ ላይ በውስጥ በኩል ሦስት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ አጥፈው ትተዋል። በላኩት ወረቀት ላይ «ስትወልጂ ትወፍሪያለሽ፣ ያን ጊዜ ትለቂዋለሽ» ብለው ጽፈዋል። ቀሚሱን ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትለብሰው ነው የጠበቀችው።

ከስታዲየም እስከ ኡራኤል እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። የምትሠራው ኡራኤል አጠገብ ነው፣ ጸሐፊ ነበረች። በሩ ላይ ስደርስ ፌስታል አንጠልጥላ ስትወጣ አገኘኋት። ቀሚሱን ለቢሮ ሴቶች ልታሳይ ጠዋት ይዛው ሄዳ ኖሯል።

«ምን ልትሠራ መጣህ? ቤት እንገናኝ አልተባባልንም እንዴ?»

«በቃ፣ ናፈቅሽኝ» አልኳት። ሦስት ዓመት በትዳር ስንኖር ይህ ቃል መንገድ ላይ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

«ናፈቅሽኝ?» ብላ ሳቀች። «ና፣ ቤት ሄጄ ልልበስና እንውጣ።»

«እዚሁ ቢሮ ግቢና ልበሺው። ማለቴ፣ ቦታ ሳይያዝብን እንሂድ።»

በአስራ አንድ ተኩል አዝማሪ ቤት ቦታ እንደማይያዝ ከእኔ የበለጠ ታውቃለች። ግን ደስ ብሏት ነበርና አልተከራከረችኝም። ዘበኛውን አስፈቅዳ ተመለሰችና ለብሳው ወጣች። ቀሚሱ ልክ ነበር። አባትየው በመጨረሻ የለኳት ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ እንዴት ልኳን በዓይናቸው ይዘውት እንደቆዩ እንጃ። እኔ ፊቴን አዙሬ ታክሲ የምፈልግ መሰልኩ።

ካዛንቺስ ሥጋ ቤት አስገባኋትና ለአራት ሰው የሚበቃ ጥብስ አዘዝኩ። እሷ ስትበላ እየቆጠርኩ ጉርሻ በጉርሻ ላይ ደረብኩባት።

«ዛሬ ምን ነክቶሃል? ልታርደኝ ነው የምታደልበኝ?»

«ብዪ፣ ብዪ በቃ።»

«አንተስ?»

ቁራጭ ሥጋ አፌ ውስጥ ይዤ አላምጣለሁ እንጂ መዋጥ አቅቶኛል። ከጠረጴዛው ሥር እግሬ ጀምሯል። እጇን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችና ጫን አደረገችው። የደበቅሁት ስጦታ ያለ መስሏት ነበር፤ ፈገግታዋ እንደዚያ ይል ነበር። መርዶ በማታ አይነገርም ያለውን ሰው ያን ሰዓት ባገኘው ኖሮ ማሲንቆ ሳይሆን ሌላ ነገር ነበር የማሰማው።

አዝማሪ ቤቱ የድሮ ቪላ ሳሎን ነበር። ዝቅ ያሉ ዱካዎች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል፣ መሬቱ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ሰው ሲገባ የተቀመጠው ይጠጋጋል፤ ሲሞላ የማያውቁት ሰው ትከሻ ትከሻዎን ይነካል። አንድ ጎልማሳ ማሲንቆ ይመታል፣ አንዲት ሴት ከበሮ ይዛ ትቀበለዋለች። ግጥም መስጠት የሚፈልግ እንግዳ «ተቀበል» ብሎ ስንኙን ይናገራል፤ አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ ያዜመዋል። ባለቤቴ ስንት ጊዜ መጥታ አንድም ቀን ሰጥታ አታውቅም፣ ዓይን አፋር ናት።

ያን ማታ ግን ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። በቢሮው የጽሕፈት መኪና የተመታ ነው።

«ምንድን ነው?» አልኳት፣ ገብቶኝ ሳለ።

«ለአባባ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስሠራው ነው የከረምኩት። እንዳትስቅብኝ።»

«ዛሬ ይቅር።»

«ለምን?»

«ሰው በዝቷል።»

«ሰው ሲበዛ አይደል እንዴ የሚያምረው?»

 ወረቀቱን ከእጇ ለመውሰድ ሁሉ ሞከርኩ፤ የምቀልድ መስሏት ወደ ኋላ ሸሸችና ተነስታ ቆመች። አዝማሪው አያትና ማሲንቆውን ወደ እሷ አዞረ።

«እሺ እመቤቴ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቷን ስም ጠራች። ወረቀቱን ዘርግታ «ተቀበል» አለች።

ወልድያ በረንዳ ጨርቁን የለካ ሰው፣
ዕድሜውን ያርዝመው ልጁን ያለበሰው።

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። አዝማሪው ስንኙ ጥሞት ደጋገመው፤ ስማቸውን እየጠራ፣ ዕድሜውን ያርዝመው እያለ፣ ሴትዮዋም በከበሮ እየተቀበለችው። አጠገቤ የተቀመጠ ወፍራም ሰውዬ ቀና ብሎ «አባትሽ አሉ?» አላት።

«አሉ። ከእኔ ይልቅ እሳቸው ናቸው ጎልማሳ» አለችው።

ተነስቼ ወጣሁ። ጓሮው ውስጥ የቢራ ሳጥኖች ተደራርበዋል፤ እነሱ አጠገብ ወዲያና ወዲህ ተንጎራደድኩ። ውስጥ ያለው ዘፈን እዚያም ይሰማል። ባሏ እኔ ነኝ፣ ወንድሟ አይደሉም፣ እድሩም አይደለም፤ አሁን ገብቼ ይዣት እወጣለሁ፣ እዚሁ ሳጥን ላይ አስቀምጬ እነግራታለሁ አልኩ። ቆርጬ ተመለስኩ።

ስገባ መሃል ላይ ናት። ትከሻዋን እየሰበረች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ያ አረንጓዴ ቀሚስ አብሯት ይንቀጠቀጣል። ሰው ሁሉ ከቧት ያጨበጭባል። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም። እውነቱን ልናገርና፣ አንድ ዘፈን እስኪያልቅ ድረስ ሰውዬው መሞታቸውን ረሳሁ። አጨበጨብኩ። ዛሬም ስለዚያ ማታ ሲነሳ ዝም ማለቴ አይደለም የሚያሳፍረኝ፣ ያ ጭብጨባ ነው።

ዘፈኑ ሲያልቅ ብር አውጥታ አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈችና እያለከለከች መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። መናገር የምችልበት ሰዓት አልፎ ነበር።

በእግር ወደ ቤት ስንሄድ ክንዴን ይዛለች። «እሁድ በቴሌ ቀጠሮ አስይዤ አስጠራቸዋለሁ» አለችኝ። «ግጥሙን በስልክ አነብላቸዋለሁ። ሲያፍሩ አይታይህም? "ምን ታካብጂያለሽ" ነው የሚሉኝ።»

«እሺ» አልኳት።

ግቢያችን ስንደርስ አራት ሰዓት አልሞላም። ስድስት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ነው፤ ከአምስት ሰዓት በፊት ጸጥ ብሎ አያውቅም። የሁሉም መብራት ጠፍቷል።

«ምነው ዛሬ ሰው ሁሉ በጊዜ ተኛ?» አለች።

«ደክሟቸው ይሆናል።»

ከእያንዳንዱ መስኮት ጀርባ ነቅተው እንደሚያዳምጡን አውቅ ነበር። ከአጥሩ ጥግ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን የእድር ድንኳን በሰውነቴ ጋርጄ አሳለፍኳት። ቀሚሱን አውልቃ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችውና ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እኔ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ እግሬን በሁለት እጄ ይዤ አነጋሁ።

የእግር ኮቴ ሲመጣ ከእኔ ቀድማ ነቃች። በሩን የከፈተችው ራሷ ናት። ወንድሟና ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላቸው የግቢው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ምንም መናገር አላስፈለጋቸውም። እሷ ግን እነሱን አይደለም ያየችው፤ ዞራ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ሚስማሩ ላይ ያለውን ቀሚስ አየች።

«መቼ ነው?» አለች።

«ትናንት ሌሊት» አሉ ወንድሟ።

«ትናንት እኮ…» ብላ ጀመረች። ቃሉን ሳትጨርሰው ነው ጩኸቱ የመጣው።

ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ለበሰች። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ፤ እህል አስቀምሰሃት፣ አስተኝተሃት፣ ደግ አደረግህ አሉኝ። እሷ አልሰደበችኝም፣ አላኮረፈችኝም። ክንዴን ግን በዚያ ዓመት ይዛው አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ሽንኩርት እየከተፈች፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«ስጨፍር እያየኸኝ ምን ታስብ ነበር?»

«አምሮብሽ ነበር» አልኳት። ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። ቢላዋን አስቀምጣ ወጣች።

ሙት ዓመቱ ወጥቶ ጥቁሩን ባወለቀች በሳምንቱ አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሳ ፊቴ ቆመች። ከስታ ስለነበር ሰፍቷት ወገቧ ላይ ተጨማዷል። አባትየው ትርፍ የተዉላት ለመወፈር ነው፣ መክሳቷን አላሰቡትም።

«እዚያ ቤት ውሰደኝ» አለችኝ።

ለምን ብዬ መጠየቅ ፈራሁ። ሄድን፣ ያው ጥግ ላይ ተቀመጥን። ያው አዝማሪ ነበር። ገና ሲያያት ፊቱ በራ፤ ማሲንቆውን እየመታ በሰው መሃል ሰንጥቆ መጣና የአባቷን ስም ጠራ። አልረሳውም። የወልድያዋ ልጅ መጣች ብሎ ያንኑ ስንኝ ጀመረ፣ ዕድሜውን ያርዝመው።

ላስቆመው ተነሳሁ። ጆሮው ላይ ሁለት ቃል ብነግረው ግጥሙን እንደሚለውጥ አውቃለሁ፤ ለሞተ ሰው የሚባለውን ይላል። ባለቤቴ የኮቴን ጫፍ ያዘችው።

«ተቀመጥ» አለችኝ። «አትንገረው።»

ተቀመጥኩ። ሦስት ጊዜ ደጋገመው። እንባዋ ይወርዳል፣ አፏ ግን ግጥሙን ከእሱ እኩል ይላል። ሲጨርስ ጎንበስ ብሎ ጠየቃት።

«አባታችን ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አለችው። «እግዚአብሔር ይመስገን። ይሰፋሉ።»

ብሩን ግንባሩ ላይ ለጠፈችለትና ወጣን። ኡራኤልን አልፈን ወደ ቤት ታጠፍን። ከዚያ ክንዴን ያዘችው።

«ልነግረው ነበር የሄድኩት» አለችኝ። «ደስ ብሎት ሲዘፍን ሳየው አቃተኝ።»