የተጠማዘዘው ሬዚስታንስ

አሰላ ስመደብ ስለ ብርዱ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከጭላሎ የሚነሳው ነፋስ በክፍሌ በር ስር እየገባ እግሬን ይበላዋል። የተከራየሁበት ግቢ አምስት ክፍል አለው፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። አከራያችን እማማ የኤሌክትሪክ ምድጃ በጥብቅ ከልክለዋል፤ አንድ ተከራይ ምድጃ ተገኝቶበት በዚያው ቀን ዕቃው ውጭ ተጥሏል። እኔ ግን አልጋዬ ስር የደበቅኩትን ምድጃ ማለዳ ማለዳ እያወጣሁ ሻይ አፈላበታለሁ፣ እግሬን አሞቅበታለሁ። የፊዚክስ መምህር ነኝ። እማማ ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ «የኔ መምህር በላምባ ነው የሚያበስለው» ይላሉ።

ሁለት ዓመት ማንም ሳያውቅብኝ ኖርኩ። ከዚያ ሕፃን የታቀፈች ሴት ከጎበሳ መጥታ ከጎኔ ያለውን ክፍል ተከራየች፤ ገበያ ሽንኩርት ትቸረችራለች። በገባች በሳምንቱ የቆጣሪው ብሬከር ማለዳ ማለዳ ይወርድ ጀመር። እማማ ለልጇ ውሃ የምታሞቅበት ነገር ደብቃለች አሉ። ክፍሏን ሲፈትሹ ከአንድ አምፖልና ከስልክ ቻርጀር በቀር ምንም አላገኙም። ረቡዕ ማለዳ ብሬከሩ ዳግም ሲወርድ የሚደብቅ ሰው መደበቂያ አያጣም አሉና እስከ እሑድ እንድትወጣ ነገሯት።

እውነቱን ለመናገር እኔም እሷ ናት ብዬ ነበር። ምድጃዬ አንድ ሺህ አምስት መቶ ዋት ነው፤ በሁለት መቶ ሃያ ቮልት ሲካፈል ሰባት አምፒር አይሞላም። ብሬከሩ አሥር ይችላል። ሒሳቡ ከእኔ ጋር ነበር።

በዚያው ቀን ክፍል ውስጥ ቮልቴጅ ለከረንት ሲካፈል ሬዚስታንስ ይሰጣል፣ ሽቦው ባጠረ ቁጥር ሬዚስታንሱ ይቀንሳል፣ ከረንቱም ይጨምራል እያልኩ ሳስተምር የራሴ ምድጃ ትዝ አለኝ። የምድጃዬ ጥምዝ ሽቦ በዚያ ወር ሦስት ጊዜ ተበጥሶብኝ ነበር። እንደ ማንኛውም የአገሬ ሰው የተቃጠለውን ጫፍ ቆርጬ እያወጣሁ፣ የቀረውን ጠምዝዤ ቀጥያለሁ። የትምህርት ቤቱን መለኪያ ወደ ቤት ወስጄ ለካሁት፦ ሃያ ኦም። ሁለት መቶ ሃያ ለሃያ፣ አሥራ አንድ አምፒር። በሁለት መቶ ሃያ ሲባዛ ሁለት ሺህ አራት መቶ ሃያ ዋት። ሻዩ ቶሎ ቶሎ ሲፈላልኝ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እኔ ጅሉ።

ብናገር እኔ ውጭ ነኝ፤ ዝም ብል ደግሞ እሷ ከነልጇ። ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ለራሴ እየደጋገምኩ ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ምድጃውን ግን ከዚያ ወዲህ አልሰካሁትም፤ ፈርቼ ነው እንጂ ተጸጽቼ አይደለም። ብሬከሩ ሐሙስም አልወረደ፣ ዓርብም፣ ቅዳሜም። ይህ በማን ላይ እንደሚመሰክር አላሰላሁም።

እሑድ እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ግቢው መሐል ቆሙ። ሴትየዋ ዕቃዋን ሸክፋ በሯ ላይ ነበረች።

«ካስጠነቀቅኳት ወዲህ አንድም ቀን አልወረደም» አሉ። «አይደለም መምህር?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አልወረደም» አልኩ። ሐሰት የለበትም።

ፍራሿን ባጃጅ ላይ ሳስርላት ልጇን አስተካክላ አዘለችና ጎንበስ አለችልኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ መምህር። በዚህ ግቢ ሰው የሆኑልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«አሜን» አልኳት።