ጀልባ ሁሉ የታሰረበት ጠዋት

የእህቴ ባል፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ሁለት ቅጽል ስም ነበረው። ጀልባ መነሻው ላይ፣ እኔ ትኬት በምቆርጥባት የቆርቆሮ ክፍል ዙሪያ፣ ሰው ሁሉ «ኤሊው» ይለዋል። ወንዙ በሚጠብበት ቦታ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ዘንጋቸውን ይዘው በተደረደሩበት ዳርቻ ደግሞ «ጨዋው» ነው። አንዱ ስድብ፣ አንዱ ምስጋና ይመስላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ሰውዬውን የጎዳው ምስጋናው ነው።

ሥራው ጀልባ መንዳት ነበር። ከኛ መነሻ እስከ ታችኛው ገበያ ድረስ ጀልባዎች በየተራቸው ሰው ጭነው ይወርዳሉ፣ ይመለሳሉ። መሃል ላይ ወንዙ ይጠብና ይታጠፋል፤ «ጠባቡ» እንለዋለን። ዓሣ እዚያ ይወዳል፣ ስለዚህ አጥማጆቹም እዚያ ናቸው። ሌላው ነጂ ጠባቡን በሙሉ ጉልበት ነው የሚያልፈው፤ ክር ቢበጠስ፣ ዳርቻ የተቀመጠ ሰው ቢረጥብ ጉዳዩ አይደለም። ጋሼ ግን ገና ከሩቅ ሞተሩን ያጠፋል። በመቅዘፊያው ጀርባ የጀልባዋን ጎን ሁለቴ ይመታል። አጥማጆቹ ክራቸውን ያነሣሉ፣ እሱ ቀስ ብሎ እየቀዘፈ ያልፋል፣ ከዚያ ወዲያ ሞተሩን ያስነሣል። ይህንን ማንም አላዘዘውም። ጀልባ ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

ተሳፋሪው ታዲያ በንዴት ይሞታል። «ጋሼ፣ እኛ እኮ ሥራ አለን!» ይለዋል አንዱ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል እሱ እየሳቀ።

«እንቁላሉማ ደርሶ ዶሮ ሆኖ ተሸጠ፣ እኛ ነን የቀረነው!»

ከአጥማጆቹ ሁሉ የሚቀርበው አንድ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነበር። ኮፍያው ከራሱ አይወርድም፣ ወሬው አያልቅም። አንድ ጊዜ የአስተማሪው ክር ከጋሼ ጀልባ ሞተር ሥር በሚሽከረከረው ፕሮፔለር ላይ ተጠመጠመ። ሌላ ሰው ቢሆን በቢላ ቆርጦት ይሄድ ነበር። ጋሼ ግን መንጠቆው አስተማሪው ከአባቱ የወረሰው ነው ሲባል በዚያ ብርድ ልብሱን አውልቆ ውሃ ውስጥ ገባ፣ እየጠለቀ እየወጣ ክሩን በጣቱ ፈታው። መንጠቆው ተረፈ። የጋሼ ግራ ጆሮ ግን በዚያው መግል ያዘና ደነቆረ። እህቴ «ጆሮህን ለዓሣ መንጠቆ ሰጠህ፣ እንግዲህ ቀሪውን ደግሞ ለትሉ ስጥ!» ብላ ያልጮኸችበት ቀን የለም። በየትኛው ጆሮው ይስማት? ሆን ብሎ በግራው በኩል ነበር የሚያስቀምጣት።

ከዚያ የጀልባ ባለቤቶች አዲስ ሊቀመንበር መረጡ። ሰውዬው ፈጣን ፈጣን ጀልባዎች አሉት፣ አንገቱ ወፍራም፣ ንግግሩ አጭር ነው። በመጣ ሳምንት ጋሼን ትኬት ክፍሌ በር ላይ አቆመው።

«ስማኝ፣ አንተ ስትንቀረፈፍ ከኋላህ ያለው ተራ ሁሉ ይበላሻል። ከእንግዲህ ጠባቡ ላይ ሞተር የሚያጠፋ ጀልባ እዚህ ተራ የለውም።»

ጋሼ ቀኝ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማው። «ሰዎቹ ይጎዳሉ እኮ፣ ጌታዬ።»

«ማን ተጎዳ? አንድም ቀን ሲናገሩ አልሰማሁም። እሺ፣ ፍርድ ይሁን። ስብሰባ አለን። ከነሱ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ መጥቶ እዚህ ቆሞ 'ጀልባችሁ ጎዳን' ይበለኝ። ያን ጊዜ እኔም ጭምር ጠባቡ ላይ ሞተር አጠፋለሁ፣ ያንተም ተራ አይነካም። ማንም ካልመጣ ግን ጀልባህን ፈትተህ ትሄዳለህ።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ። እውነቴን ነው፣ እንደ ሕፃን ሳቀ። «አንድ ብቻ አለ እኮ! ሰምተሻል?» አለኝ። ያ ተራ እንጀራው ነበር፤ ሌላ ሙያ የለው፣ ሌላ ወንዝ የለ። እሱ ግን ከወዲሁ እንደ ዳነ ሰው ነበር የሚሆነው።

በማግስቱ ጠባቡ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ነገራቸው። አስተማሪው ኮፍያውን አነሣ። «አንድ? ሁላችንም እንመጣለን እንጂ! ጨዋውን ነክተው የት ሊደርሱ! ሞቼ ካልቀረሁ በቀር ከፊት ወንበር ታገኘኛለህ» አለው። የቀሩትም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ምንጊዜም ዝም ብለው ነው የሚነቀንቁት።

ማታ እህቴ ይህን ስትሰማ «ከነሱ አንዱ ከመጣ ምን አለች በለኝ» አለች። እሱ የስብሰባ ሸሚዙን ይተኩስ ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ አንጀቴን የሚያሳርረኝ እሱ ነው። የጀልባ ባለቤቶች ሲሰበሰቡ ደንቡ ጀልባ ሁሉ ታስሮ ይውላል፤ አንዱ እየሠራ ሌላው አይሰበሰብም። ይህንን ጋሼ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሊቀመንበሩም ያውቃል። ጀልባ የሌለበት ወንዝ ለዓሣ አጥማጅ ምን ማለት እንደሆነ ግን ከኛ ያሰበ ሰው የለም። ዕድሜውን ሙሉ ስለነሱ ሲያስብ የኖረው ሰውዬ እንኳ አላሰበም።

ስብሰባው ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ዳስ ሥር ነበር። ጀልባዎቹ ጎን ለጎን ታስረዋል። ጋሼ ማልዶ መጥቶ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር በራሱ እጅ ከፊት አስቀምጦ አቧራውን በመሐረቡ ጠርጎላቸዋል። ሰው መጣ፣ ተቀመጠ፣ አጉረመረመ። አግዳሚው ባዶ ነው። ሊቀመንበሩ ሰዓቱን አየና «እንጠብቅ» አለ፤ ክፉ ሰው ቢሆን ደስ ባለኝ፣ በደንብ ጠበቀ።

እኔ አላስቻለኝም። ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው አቋራጭ እየሮጥኩ ጠባቡ ደረስኩ። ወይ ጉድ! ውሃው ዝም ብሎ ተኝቷል። አንድ ሞገድ የለ፣ አንድ ድምፅ የለ። አጥማጆቹ ሁሉም አሉ፣ ጎንበስ ብለው ከክራቸው ጋር በሚንሳፈፉ ቡሾቻቸው ላይ አፍጠዋል፣ ባልዲዎቹ ውስጥ ዓሣ ይንደፋደፋል።

«ጋሼ እየጠበቃችሁ ነው!» ብዬ ጮኽኩ።

አስተማሪው ሳይዞር «እሽሽሽ!» አለኝ። «ድምፅሽን ቀንሺ፣ የኔ ልጅ። አውቃለሁ፣ እየመጣሁ ነው። ውሃውን ግን አየሽው? እንዲህ ያለ ቀን በዕድሜዬ አላየሁም። ይህንን አንዷን ላውጣና...»

«አንዳችሁ ብቻ! አንድ ሰው ይበቃል ተብሏል እኮ!»

«እንግዲያው አንተ ሂድ» አለው አስተማሪው አጠገቡ ያለውን።

«ኧረ አንተ ሂድ፣ አንተ ነህ ንግግር የምታውቅ» አለው ያኛው ደግሞ ቀጣዩን።

«አስተማሪ ሲኖር እኔ ምን ብዬ?»

የአስተማሪው ቡሽ ሰመጠ። ሁሉም እኔን ትተው ወደዚያ ዞሩ።

ብቻዬን ተመለስኩ። ጋሼ ሲያየኝ ብድግ ብሎ ከኋላዬ ሰው ፈለገ። ሲያጣ ወደ ተሰብሳቢው ዞረና «አንድ ነገር ቢያጋጥማቸው ነው። ሰው ታሞባቸው ይሆናል» አለ።

ደሜ ፈላ። «ማንም አልታመመም! ዓሣ እየነከሰላቸው ነው!» አልኩ።

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ሊቀመንበሩ እንኳ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ እጅ አወጡ፣ የሁሉም እጅ ወጣ፣ አለቀ። ጋሼ አግዳሚውን አንሥቶ ወደ ቦታው መለሰ።

ጀልባውን ፈትቶ ሲሄድ ብቻውን ልተወው ፈራሁና አብሬው ተሳፈርኩ። ጠባቡ ጋ ስንደርስ፣ በሞቴ፣ ሞተሩን አጠፋ! በመቅዘፊያው ጎኗን ሁለቴ መታ። ክራቸውን አነሡ።

አስተማሪው በዓሣ የተሞላ ባልዲውን ከፍ አድርጎ አሳየው። «ጨዋው! ምነው በየቀኑ ስብሰባ ባደረጋችሁ!»

ጋሼ መቅዘፉን አቆመ። አሁን ይናገረዋል ብዬ ጠበቅኩ።

«እንኳን ቀናችሁ» አለ።

አስተማሪው አንድ ወፍራም ዓሣ ወደ ጀልባችን ወረወረ። «ለባለቤትህ!» እህቴ ዓሣውን ለድመት ጣለችው፣ ድስቱንም አብራ ልትጥለው ነበር።

ጀልባዋን ሊቀመንበሩ ገዛትና ትልቅ ሞተር ገጠመላት። ጋሼ ቤት ሲቀመጥ እህቴ አላስቀመጠችውም፤ ዘንግ ገዛና እሱም ጠባቡ ወረደ። አጥማጆቹ ቦታ ሰጡት፣ ከሁሉም መጨረሻ፣ ሞገዱ መጀመሪያ በሚመታበት በኩል። አሁን ጀልባ ሁሉ ሞተሩን እያጓራ ያልፋል፣ ክር ይበጥሳል፣ ባልዲ ይገለብጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ይሳደባሉ፣ ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረው ይቆጡታል፤ «አንተ የነሱ ሰው አይደለህ? ንገራቸው እንጂ!»

«እነግራቸዋለሁ» ይላል።

ባለፈው የገበያ ቀን በዚያችው የጋሼ በነበረችው ጀልባ ወደ ታች ስወርድ እሱን ከሩቅ አየሁት። ነጂው ፍጥነቱን አልቀነሰም። እኔ ያለ ሐሳብ መዳፌን በጀልባዋ ጎን ሁለቴ መታሁ። «ምነው እታለም፣ መውረድ ፈለግሽ እንዴ?» አለኝ ነጂው። ከአጥማጆቹ አንድም ክሩን ያነሣ የለም። ጋሼ ብቻ በቀኝ ጆሮው ሰምቶኝ ነው መሰለኝ፣ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ክሩን አነሣልንና እንድናልፍ ጎንበስ አለ። ሞገዳችን እስከ ወገቡ መታው፣ የትል ጣሳውንም ይዞበት ሄደ።