የዐቢይ ጾም ዓሣ

እናቴ ሐኪምን መዋሸት ጾም አያፈርስም ብላ የምታምን ሴት ነበረች። ዓሣ ግን ያፈርሳል። በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ይከራከራል፤ እሷ ዘንድ ክርክር አልነበረም።

ሞባይል ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ሳለ ዐቢይ ጾም ገባ። ደም አንሶሻል ተብዬ ነበር፤ እሷ ፊት ሁለቴ ዞሮብኝ ወደቅሁ። ባለቤቴ ክፍለ ሀገር ይሠራ ስለነበር ካዛንቺስ ያለው ቤት ውስጥ የምንኖረው እኔና እሷ ብቻ ነበርን። አንድ ጠዋት ዓሣ በፌስታል ደብቃ ገባች። በሩን ቆለፈች፤ ሽታው ለጎረቤት እንዳይደርስ መስኮቱንም ዘጋች። ቅርፊቱን ስትፍቅ የጀርባው እሾህ ሌባ ጣቷን ወጋት።

"ምንም አይደል" አለች ጣቷን መጠጥ አድርጋ። "ብቻ ለማንም እንዳትናገሪ፤ በተለይ ለአባ።"

አባ የንስሐ አባታችን ናቸው። እኔም ዓሣውን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

እጇ እንደ ቦካ ሊጥ ኩፍ ብሎ አደረ። ጎረቤታችን "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አመጣች። ከሰዓት በኋላ መቅላቱ ወደ ክርኗ ሲወጣ፣ ጣቷ ጠቁሮ ውሃ ሲቋጥር፣ እሷም በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ ላዳ ይዤ ወደ ሐኪም ቤት በረርኩ። ስታዲየም ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ሹፌሩ ላይ ጮህኩበት፤ ምስኪን፣ እሱ ምን ያድርግ።

እኔ ካርድ ለማውጣት ተሰልፌ ሳለ መረመሯት፤ አስተኝተውም መድኃኒት ጀመሩላት። በማግስቱ ግን መቅላቱ ክርኗን አልፎ ነበር። አባ ሰምተው መጥተው አልጋዋ አጠገብ ይጸልዩ ነበር። አንዲት ወጣት ሐኪም የእናቴን እጅ ገልጣ ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

"እናቴ፣ የስፌት መርፌ ነው የወጋኝ ብለዋል። መርፌ እንዲህ አያደርግም። በዚሁ ከቀጠለ እጅዎትን ልናጣው እንችላለን። ውሃ ውስጥ የነበረ ነገር ነክተው ነበር? ዓሣ?"

"በጾም?" አለች እናቴ፣ አባን እያየች።

መርፌ ማለቷን ያኔ ነው የሰማሁት። አፌን ልከፍት ስል ዐይኗን አፈጠጠችብኝ፤ ልጅ ሆኜ እንግዳ ፊት ዝም ያሰኘኝ የነበረው ያው ዐይን ነው። ሆዴ ከፊቴ ቀድሞ፣ ልወልድ ደርሼ፣ አሁንም ፈራኋት። ከዚያ እጇን አየሁት።

"የዓሣ እሾህ ነው የወጋት" አልኩ። "የበላሁት እኔ ነኝ።"

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሐኪሟ ጊዜ አላባከነችም። ውሃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ እንደሚመስላት፣ ሰው ላይ እምብዛም እንደማይገጥም፣ የተጀመረውም መድኃኒት እንደማይነካው እየተጣደፈች ነገረችኝ። መድኃኒቱን ቀይራ ወዲያው ቀዶ ጥገና አስገባቻት። እኔ ኮሪደሩ ላይ ሆዴን ይዤ ቀረሁ። ልጄ ሲራገጥ ተናደድኩበት፤ ይህ ሁሉ የመጣው በሱ ነው ብዬ። ከዚያ አለቀስኩ።

እጇ ተረፈ፤ ሌባ ጣቷ ግን ሄደ። ትኩሳቱ ለቋት መቀመጥ ስትጀምር አባ ተመልሰው መጡ። እሷ አንገቷን ደፋች። እኔ ተግሣጽ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን ወንበር ስበው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

"ልጄ፣ ለነፍሰ ጡር እኮ ይፈቀዳል" አሏት። "ምናለ አንድ ጊዜ ብትጠይቂኝ?"

እናቴ በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"እምቢ ቢሉኝስ፣ አባ?"

አባ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟት።