በክር የተለካ ክንድ

ዛሬ ሰቆጣ ላይ የአያቴ የአርባ ቀን ተዝካር ይወጣል፤ እኔ አሥመራ ቀርቻለሁ። አያቴ ለዲያቆናት መቋሚያ ሲቆርጡ ሁልጊዜ «ባለቤቱ ይቁም» ይሉ ነበር፤ ሰውዬውን ሳይለኩ እንጨት አይነኩም።

እኔ ግን ለስድስት ዓመት ልጄ የኢላማ መለማመጃ የአየር ጠመንጃ ስገዛ ልጁን ሱቅ አልወሰድኩትም። አገር ቤት ስገባ እንዲታይልኝ ረጅሙን መረጥኩ። ሰቆጣ እንደደረስን አያቴ «እስቲ ባለቤቱ ይቁም» አሉ። ልጄ ሰደፉን ትከሻው ላይ ቢያስጠጋ እጁ ምላጩ ጋ አልደርስ አለው፤ አፈሙዙም መሬት ነካ።

«ልጄ፣ ይሄ ለአባቱ ነው እንዴ?» ቢሉኝ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ።

«አባባ፣ ይሄ የከተማ ዕቃ ነው! እንደ እርስዎ መቋሚያ አይለካም!» አልኳቸው፣ በሰው ፊት።

ስንሰናበት ግን የልጁን ክንድ በክር ለክተው፣ ጫፉን ቋጥረው ሰጡኝ። «ስትለውጪው ይህን ያዥ» አሉኝ።

አልለወጥኩትም። ለፋሲካ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ እያልኩ ሦስት ፋሲካ አለፈ፤ መርዶው ቀደመኝ።

ዛሬ ጠዋት ክሩን ከዳዊቴ መሐል አውጥቼ በልጄ ክንድ ላይ ዘረጋሁት። አጥሯል። ልጄ ጠመንጃውን አምጥቶ ትከሻው ላይ አስጠጋ፤ ልኩ ሆኗል።

«እማዬ፣ ባለቤቱ ቆመ» አለኝ።

የሚለኩለት አያቴ ግን የሉም።